ማፍሰሻው የት ነው?

ወረቀቱ በእኔ ቤት ያለቀ ነበር። ሦስት ወር ለፍቼበታለሁ። የኮምፒውተሬ ኬዝ ከጎኑ ተከፍቶ ይታያል። ከፓምፑ የሚነሳው ቱቦ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ግሎ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው በቀይ ተስሏል። እያንዳንዱ ማጠፊያ ልክ 90 ዲግሪ ነው። ፊቲንጎቹ፣ ማለትም የቱቦ ማያያዣዎቹ፣ አንድ በአንድ ተቆጥረው ጥግ ላይ ተዘርዝረዋል። የቀረኝ ዕቃውን ማዘዝ ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ እያንጠባጠበ ስላስቸገረኝ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቻለሁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት አዩት። ቆም አሉ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ።

“ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?”

“የኮምፒውተር ነው ጋሼ። ሲግል በውሃ ለማቀዝቀዝ ነው።”

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ጣታቸውን ፓምፑ ላይ አድርገው መስመሩን መከተል ጀመሩ። በፕሮሰሰሩ አለፉ፣ በግራፊክስ ካርዱ አለፉ፣ ራዲያተሩን ዞረው ተመልሰው ፓምፑ ላይ ደረሱ። አሁንም ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጣታቸው መሀል መንገድ ቆመ።

“ማፍሰሻው የት ነው?”

“የምን ማፍሰሻ?”

“ውሃው የሚወጣበት።”

“አይወጣም እኮ ጋሼ። ዝግ ነው። እዚያው እየዞረ ነው የሚሠራው።”

ቀና ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ንቀት የለበትም። ጫማውን ግራና ቀኝ አዟዙሮ ያደረገ ልጅ ሲያዩ የሚያዩት ዓይነት ነው። “ልጄ፣ ውሃ ገብቶበት የማይወጣበት ዕቃ እኔ አላውቅም” አሉኝና ዕቃቸውን አንጠልጥለው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር በማለት ሌላም ነገር ጠይቀውኛል። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

የፎቶው ቀን

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እሳቸው ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ አልኩ በሆዴ። ሦስት ወር ሙሉ ስንት ነገር አንብቤያለሁ። ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ። የፓምፑን ጉልበት፣ የራዲያተሩን ስፋት፣ የቱቦውን ውፍረት አስልቻለሁ። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ማፍሰሻ የለም። ገልብጬም አየሁት፣ ከጀርባው ያለ ይመስል።

ግራፊክስ ካርዱን መቀየር ብፈልግስ? ካርዱ ያለው ሉፑ፣ ማለትም ውሃው የሚዞርበት ዝግ መስመር፣ ውስጥ ነው። ውሃው ሳይወጣ አይነቀልም። የማዘርቦርዷ ትንሽ ክብ ባትሪ ብትሞትስ? የኔ ማዘርቦርድ ላይ ባትሪዋ ያለችው ከግራፊክስ ካርዱ ስር ነው። አንዲት ሳንቲም የምታክል ባትሪ ለመቀየር ሉፑን በሙሉ መፍታት ሊኖርብኝ ነው። ውሃው ራሱም ቢሆን ዕድሜ አለው። ዝገትንና አልጌን የሚከላከለው ኬሚካል ጊዜ ሲቆጥር ይደክማል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ገደማ መቀየር አለበት። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር እኮ! “በየዓመቱ ውሃውን ቀይር” የሚለውን ብቻ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በየት በኩል እንደምቀይረው ግን አንድ ቀን እንኳ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ለምን? ይሄ ጥያቄ ነው ሲያብሰለስለኝ የሰነበተው። በመጨረሻ የገባኝ ያየኋቸውን ፎቶዎች ሳስባቸው ነው። ሁሉም የተነሱት በአንድ ቀን ነው፤ ገጥመው በጨረሱ ዕለት። ቱቦው ያንጸባርቃል። ውሃው ገና ቀለሙ አልለቀቀም። መብራቱ በርቷል። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ሰው ከኬዙ ስር ፎጣ አንጥፎ፣ ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ ቱቦ በሌላው ባልዲ ይዞ የሚታይበት ፎቶ ግን የለም። እንደዚያ ሆኖ ፎቶ የሚነሳ ማን አለ? እኔም ፕላን አወጣሁ ብዬ የሳልኩት ያንን ፎቶ ነው።

ጋሼ ደግሞ የሚጠሩት ሁልጊዜ በሌላኛው ቀን ነው። ሲያንጠባጥብ፣ ሲዘጋ፣ ሲበሰብስ። ቧንቧዬ በደንብ እየሠራ ነው ኑልኝ ብሎ ቧንቧ ሠራተኛ የሚጠራ ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ሥዕል ሲያዩ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው እኔ ወዳልደረስኩበት ቦታ ነው።

ይህንን ያሰቡ ኮምፒውተር ሠሪዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ-2 የተባለው ሱፐር ኮምፒውተር ሙሉ ሰርኪዩቱ ፍሎሪነርት የሚባል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ነበር የሚሠራው። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከማሽኑ አጠገብ የፈሳሽ ማጠራቀሚያዎች አሉ። ማሽኑን መክፈት ሲያስፈልግ ፈሳሹ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ድሮ ሳያቸው ለጌጥ የቆሙ ይመስሉኝ ነበር።

ከወረቀቱ የተረፈው

ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ነበር። ግን ሒሳቡ ልክ ነው፤ እሱን ለየብቻው ገለበጥኩት።

አንድ ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ገደማ ይፈልጋል። የኔ ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 150 ዋት ይወስዳል። ግራፊክስ ካርዱ 320 ዋት ይወስዳል። ሲደመር 470 ዋት፣ ማለትም በየሰከንዱ 470 ጁል ሙቀት ነው። ፓምፑ በደቂቃ 3 ሊትር ቢያዞር ውሃው በሁለቱም አልፎ ሲወጣ የሚጨምረው 2 ዲግሪ ከምናምን ብቻ ነው። ይቺን ሒሳብ ዘግይቼ መሥራቴ ያናድደኛል። ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ይቅደም ወይስ ግራፊክስ ካርዱ እያልኩ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ። ለካ ለሙቀቱ ምንም ለውጥ የለውም። ቅደም ተከተሉ መመረጥ ያለበት ቱቦው እንዲያጥርና ውሃው በቀላሉ እንዲወርድ ተብሎ ነው። በፓምፑና በሪዘርቫየሩ፣ ማለትም ውሃው በሚጠራቀምበት ዕቃ፣ ላይ ብቻ ቀልድ የለም። ሪዘርቫየሩ ከፓምፑ በላይና ከፊቱ መሆን አለበት። የኔ ዓይነቱን ፓምፕ የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው፤ ደርቆ ከዞረ ራሱን ይበላል።

ራዲያተሩን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሄድበት ግምት አለ። ፋኑ ቀስ ብሎ እንዲዞር ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን 100 ዋት ገደማ ይታሰባል። ያኔ ውሃው ከአካባቢው አየር በ10 ዲግሪ አካባቢ ቢበልጥ ነው። እኔ አንድ ባለ 360 እና አንድ ባለ 240 ሚሊሜትር ራዲያተር መረጥኩ። አምስት ፋን ማለት ነው። ይበቃል። የፈለገውን ያህል ራዲያተር ቢደረደር ግን ውሃው ከክፍሉ አየር በታች አይቀዘቅዝም። ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው አጋጥሞኛል፤ ያ ሰው ፕላኑን ስጀምር የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ

በሩ ላይ ሆነው የጠየቁኝ ይህን ነው፦ “ብረቱስ ምንድን ነው?”

ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው፣ ውሃው በውስጡ የሚያልፍበት ብሎክ መዳብ ነው አልኳቸው። ራዲያተሩ ደግሞ አሉሚኒየም፤ ቀላልም ርካሽም ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። “እነዚህ ሁለቱ አንድ ውሃ አይጠጡም” አሉ። “አንዱ አንዱን ይበላዋል።” ወጡ።

ያን ማታ አነበብኩ። እውነታቸውን ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች አንድ ውሃ ውስጥ ሆነው በኤሌክትሪክ ሲገናኙ እንደ ደካማ ባትሪ ይሠራሉ። መዳብና አሉሚኒየም ከሆኑ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የተበላው አሉሚኒየም ጠፍቶ አይጠፋም። ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይዞራል፤ ከዚያ ብሎኩ ውስጥ ይሰገሰጋል። ብሎኩ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ከአንድ ሚሊሜትር በታች የጠበቡ ናቸው። እዚያ የገባ ቆሻሻ በቀላሉ አይወጣም። ዝገት መከላከያ ኬሚካል ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እኔ ደግሞ አሉሚኒየሙን ራዲያተር የግዢ ዝርዝሩ ላይ በትልቁ ጽፌ ከስሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ በቅናሽ ስላገኘሁት።

ይሄኛው ስህተት ከማፍሰሻው ይብሳል። ማፍሰሻ ባይኖር ፎጣና ትዕግሥት ያለው ሰው እንደምንም ይወጣዋል። ይሄ ግን ሥራውን የሚሠራው ሳያሳውቅ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ለወራት ኮምፒውተሩ አሪፍ ሆኖ ይሠራል። ከዚያ ሙቀቱ በ2 ዲግሪ፣ በ3 ዲግሪ መውጣት ይጀምራል። አቧራ ነው ብዬ ፋን ስጠርግ እኖራለሁ። ዝርዝሩን ሰረዝኩ። ራዲያተሩ የመዳብና የናስ፣ ብሎኮቹ ኒኬል የተቀባ መዳብ፣ ፊቲንጎቹ ናስ ሆኑ።

ሁለተኛው ወረቀት

አዲሱን ወረቀት የጀመርኩት ከታች ነው። ሌላ ምንም ሳልስል መጀመሪያ ቫልቩን ሳልኩ። ከሉፑ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ከፓምፑ መውጫ አጠገብ፣ አንዲት ቲ ፊቲንግ፤ ከሷ ላይ ትንሽ ቫልቭ። ቀጥሎ የሳልኩት እጄን ነው። ቀልዴን አይደለም። የእጄን ስፋት ለክቼ ወረቀቱ ላይ ቆርጬ አስቀመጥኩ፤ ቫልቩ ጋ ገብቶ ቁልፉን ማዞር ይችላል ወይ ብዬ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ አልገባም። ከፓወር ሰፕላዩ ራቅ አደረግኩት።

ያ ሁሉ 90 ዲግሪ ማጠፊያም ቀረ። ጠንካራው ፕላስቲክ ቱቦ ያምራል፤ አልካድኩም። ግን አንድ ዕቃ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ቆርጦ፣ አሙቆ ማጠፍ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፒኢቲጂ የሚባለው ዓይነት ሙቀት አይወድም። ፋኖቹ ቢቆሙብኝ ብዬ አሰላሁ። ሉፑ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ቢኖርና 470 ዋት ሙሉ በሙሉ ቢገባበት፣ በየ9 ሰከንዱ 1 ዲግሪ ይጨምራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ ማለት ነው። ያኔ ቱቦው መለስለስ ይጀምርና ከፊቲንጉ ሊያመልጥ ይችላል። ጥቁርና ለስላሳ የኢፒዲኤም ጎማ ቱቦ መረጥኩ። ውሃው አይታይበትም። ስለዚህ ቀለም ያለው ፈሳሽ የሚለውም ነገር አብሮ ወደቀ። አንድ ጓደኛዬ ወረቀቱን አይቶ “የመኪና ሞተር አስመሰልከው” አለኝ። ደስ አለኝ።

ሌላው የቀየርኩት የፋኖቹን ነገር ነው። ድሮ የሚታዘዙት በፕሮሰሰሩ ሙቀት ነበር። ፕሮሰሰር ደግሞ ግልፍተኛ ነው፤ አንድ ነገር በከፈትኩ ቁጥር ሙቀቱ 20 ዲግሪ ዘሎ ይወርዳል። ፋኖቹም አብረው ይጮሃሉ፣ ይተዋሉ፣ ይጮሃሉ። ውሃ ግን ሆደ ሰፊ ነው። ሉፑ ላይ የሙቀት መለኪያ አስገብቼ ፋኖቹ በውሃው ሙቀት እንዲታዘዙ አደረግኩ። ከጠቅላላው ፕላን ጆሮዬ የተጠቀመው በዚህች ነው። ውሃ ማቀዝቀዣ ልሥራ ያስባለኝ ጫጫታው ስለነበር ደግሞ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ሶፍቱ

ዕቃው መጣ። ራዲያተሮቹን ለብ ባለ ዲስቲልድ ውሃ አጠብኳቸው፤ ከፋብሪካ የተረፈ የብየዳ ቆሻሻ ውስጣቸው ይኖራል። የመጀመሪያው እጣቢ ጥቋቁር ነጥብ ነበረው። አምስተኛው ጠራ። ገጠምኩ። ከዚያ በትንሽ የእጅ ፓምፕ ግማሽ ባር አየር ሞልቼ መለኪያዋን አፍጥጬ አየሁ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀችም። ውሃ ሞላሁ። ከፓምፑ በስተቀር የሁሉንም ኤሌክትሪክ ነቅዬ፣ ፓወር ሰፕላዩን በማስነሻ መሰኪያ ለብቻው አስነሳሁ። ፓምፑ ጉርርር ብሎ አየር ዋጠ፤ አጠፋሁ፤ ጨመርኩ፤ አስነሳሁ። ኬዙን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አጋደልኩት። አረፋው ቀስ በቀስ ጠፋ። ከእያንዳንዱ ፊቲንግ ስር ሶፍት አድርጌ 24 ሰዓት እንዲሠራ ተውኩት።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ተነስቼ በስልኬ መብራት አየሁ። አንዱ ሶፍት ላይ የጥፍር የምታክል እርጥብ ክብ አለች።

አንድ ጠብታ ናት። ግን ልቤ ዘጭ አለ። ፓምፑን አጥፍቼ ፊቲንጉን በጣቴ ነካካሁት። የግራፊክስ ካርዱ ብሎክ ላይ ያለው ነው። መጨረሻ ላይ የገጠምኩት እሱ ነበር፤ ደክሞኝ፣ ልጨርስ ብዬ፣ በእጅ ማጥበቅ ሲበቃ ቁልፍ ይዤ ያሰርኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል! መፍታት ነበረብኝ። ለመፍታት ደግሞ ውሃው መውረድ አለበት። እንደዚያ ሆኜ፣ በሌሊት፣ ፒጃማ ለብሼ፣ ቫልቩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። የሪዘርቫየሩ ክዳን አረፋው እንዲወጣ ተብሎ ክፍት ስለነበር ውሃው ያለምንም ክርክር ወርዶ ጆግ ውስጥ ገባ። ፊቲንጉን ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ከቦታዋ ወጥታ ተቆንጥጣለች። በአንድ በኩል እንደተነከሰ ነገር ሆናለች። በሌላ ቀየርኳት። በጣቴ ብቻ አጠበቅሁ። ጆጉ ውስጥ ያለውን መልሼ ሞላሁ።

ብሎኩ ላይ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ እንዳልፈጠርኩ እርግጠኛ ለመሆን ሶፍቶቹን ቀይሬ ሌላ 24 ሰዓት ጠበቅሁ። ደረቅ ሆኖ ነጋ። ጋሼ ጋ ልደውል አሰብኩ። ምን ልላቸው? “ማፍሰሻው ሠራ” ለማለት ብቻ ስልክ ይደወላል? አልደወልኩም። እስካሁን ትንሽ ይቆጨኛል።

ባለፈው ሳምንት

ውጤቱን ለሚጠይቀኝ፦ ክፍሉ 24 ዲግሪ ሲሆን ውሃው ከ35 አያልፍም። ድሮ 78 ይደርስ የነበረው ግራፊክስ ካርድ አሁን 49 ላይ ይቆማል። ፕሮሰሰሩ የቀነሰው ግን ያሰብኩትን ያህል አይደለም። ሙቀቱ የሚጨናነቀው ጥፍር በምታክል ሲሊኮን ላይ ነው፤ ውሃው ጋ እስኪደርስ መንገድ አለው። የሚያናድድህ ፕሮሰሰሩ ብቻ ከሆነ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ገዝተህ እረፍ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ውሃውን የምቀይርበት ጊዜ ደረሰ። ኬዙን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ። ቫልቩ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክቼ ሌላ ጫፉን ወለሉ ላይ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ። እውነቱን ለመናገር ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል። ፎጣ እንኳ አላነጠፍኩም። ቫልቩን ከፈትኩ።

ጠብ፣ ጠብ አለና ቆመ።

ቱቦውን ነቀነቅኩ። ቫልቩን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩ። ምንም የለም። ዝቃጭ ዘግቶት ይሆን? ያ ሁሉ የመዳብና የናስ ነገር ከንቱ ሆነ? በጉልበቴ ተንበርክኬ ቫልቩን በባትሪ መብራት ሳይ ቆይቼ ነው ቀና ያልኩት። የሪዘርቫየሩ ክዳን ጥርቅም ብሎ እንደተዘጋ ነው። ከላይ አየር ካልገባ ከታች ውሃ ከየት ይመጣል?

ክዳኑን ሩብ ዙር አላላሁት። ፍስስ አለ። ሪዘርቫየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ቱቦውም ከበደና ቀጥ አለ። ታች ጠርሙሱ ውስጥ መንቆርቆር ጀመረ። ውሃው እንደገባ ነው የወጣው፤ ጥርት ያለ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ላየው ብዬ ሳነሳው ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ሪዘርቫየሩ ግን ገና ግማሽ ነው። ሁለተኛ ጠርሙስ አላዘጋጀሁም።